ሁለት ነው ወይስ ሦስት? የአራንሁዌስን የጊታር ኮንሰርቶ እያጨበጨቡ ማዳመጥ

ስፔናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሆአኪን ሮድሪጎ ለጊታርና ለኦርኬስትራ የጻፈውን «ኮንሲዬርቶ ዴ አራንሁዌስ» ሰምቼው አላውቅም የሚል ሰው እንኳ መሃሉን ስታሰሙት «እንዴ፣ ይኼንንማ አውቀዋለሁ!» ይላል። የማያውቀው ዳርና ዳሩን ነው። ሥራው ሦስት ክፍል አለው። የሚያስተክዘው መሃለኛው ብቻ ሲሆን ግራና ቀኙ ጨዋታ ነው። እኔም ከወጡ ሥጋውን ብቻ እየለቀመ እንደሚበላ ልጅ፣ ለረጅም ጊዜ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ እየመረጥኩ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን ሳላስበው ከመጀመሪያው ከፈትኩት። እጄ ጠረጴዛውን እየመታ ሲከተል ቆየና ድንገት ምቱን ሳተ። መልሼ ከፈትኩት፤ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሳተ። ለካ ጥፋቱ የእጄ አልነበረም። ሙዚቃው ሁለት ብሎ ሲቆጥር ቆይቶ፣ ፍጥነቱን ሳይለውጥ፣ ሦስት ብሎ ጀምሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሥራ ለሰው የማስተዋውቀው በጆሮ ሳይሆን በእጅ ነው። ከዚህ በታች ያለው ያንኑ አካሄድ ነው። ኖታ ማንበብ አያስፈልግም። ሙዚቃው ራሱ ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ እናንተ ግን አንድ ሰዓት መድቡለት፤ እየመለሳችሁ የምትሰሙት ቦታ አለና።

1. ድምፁን አስቀድሞ ማስተካከል

በስልክ ስፒከር አትሞክሩት። ኮንሰርቶው የሚጀምረው ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ጊታሩ ብቻውን በለሆሳስ ሲመታ ነው፤ ከሥሩ ደብል ቤዞች አንድ ወፍራም ድምፅ ይዘው ይቆያሉ። ያን ወፍራም ድምፅ የስልክ ስፒከር ይውጠዋል፤ እሱ ከጠፋ ደግሞ ጊታሩ መሬት ያጣ ይመስላል። የጆሮ ማዳመጫ፣ ወይም ደህና ስፒከር ይኑራችሁ።

ሌላው የጀማሪ ስህተት መግቢያው ሲያንስባቸው ድምፁን መጨመር ነው። ጥቂት ቆይቶ ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ያስደነግጣችኋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ሁለተኛውን ክፍል እከፍትና ሁለት ሦስተኛውን አለፍ ብዬ ሙሉው ኦርኬስትራ ዜማውን በሙሉ ኃይሉ የሚያነሳበትን ቦታ እፈልጋለሁ። የሥራው ትልቁ ድምፅ እሱ ነው። ድምፁን ለዚያ ቦታ አስተካክዬ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ አልነካውም። መግቢያው ካነሰባችሁ ይነስ። ሮድሪጎ ራሱ ይህ ጊታር በአትክልት ስፍራ የዛፍ ጫፍ እንደሚያወዛውዝ ስውር ነፋስ እንዲሰማ፣ ጉልበቱም ከቢራቢሮ እንዳይበልጥ ነበር የፈለገው።

2. አንድ ቅጂ መርጦ መያዝ

ቅጂው ብዙ ነው። ናርሲሶ ዬፔስ፣ ጁሊያን ብሪም፣ ጆን ዊሊያምስ፣ ፔፔ ሮሜሮ፣ ሁሉም ተጫውተውታል፤ በየትኛውም አታፍሩም። ለዚህ መልመጃ ግን የማዝዘው ፓኮ ዴ ሉሲያ እ.ኤ.አ. በ1991 የቀረጸውን ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ፓኮ የፍላሜንኮ (የደቡብ ስፔን ባህላዊ ሙዚቃ) ሰው ነው፤ በኖታ ያደገ አይደለም። ምቱን እንደ ቢላዋ ነው የሚያስቀምጠው፤ የት እንደወደቀ አትጠራጠሩም። የክላሲካል ጊታር አጥባቂዎች ድምፁ ሻካራ ነው ይሉታል። ለአዳጂዮው፣ ማለትም ለዝግተኛው ሁለተኛ ክፍል፣ እውነት ይኖራቸው ይሆናል፤ ለማጨብጨብ ግን ከእሱ የሚሻል አላገኘሁም።

የትኛውንም ምረጡ፣ መልመጃው እስኪያልቅ አትቀይሩ። ፍጥነቱ ከተጫዋች ተጫዋች ስለሚለያይ እጃችሁ የለመደውን እንደገና ማስለመድ ይሆንባችኋል።

3. ሙዚቃው ሳይከፈት ስድስትን መቁጠር

አሁን እጅ። ሙዚቃውን አትክፈቱ። እኩል በሆነ ፍጥነት፣ ሳትቸኩሉ፣ ከአንድ እስከ ስድስት በአፋችሁ ቁጠሩ፤ ስድስት ላይ ሳታቆሙ ወደ አንድ ተመለሱ።

አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት-አምስት-ስድስት፣ አንድ-ሁለት-ሦስት-አራት-አምስት-ስድስት።

መጀመሪያ «አንድ» እና «አራት» ላይ ብቻ አጨብጭቡ። በየስድስቱ ሁለት ጭብጨባ ይሆናል፤ ሰፊና የሚወዛወዝ ነው። በደንብ ሲገባችሁ አፋችሁ በዚያው ፍጥነት እየቆጠረ ጭብጨባውን ወደ «አንድ»፣ «ሦስት» እና «አምስት» ቀይሩት። ሦስት ጭብጨባ ሆነ፤ ጠበብ ጠበብ ያለና ቆፍጠን ያለ። ቆጠራው አልፈጠነም፤ ያው ስድስት ነው። የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው፤ ስድስት ዳቦ ለሁለት ሰው ሦስት ሦስት፣ ለሦስት ሰው ሁለት ሁለት።

ችክችካ ሲመታ እስክስታ የወረደ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። የችክችካ ምትም በስድስት የሚቆጠር ነው፤ አንዱ ሁለት፣ ሌላው ሦስት አድርጎ ሊይዘው ይችላል፤ ሁለቱም አይሳሳቱም። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን አብረው መሄዳቸው ነው። በስፔን ሙዚቃ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተራ በተራ ነው፤ አንዱ ይጨርስና ሌላው ይቀበለዋል።

ስለዚህ የመጨረሻው መልመጃ ይኸው፤ አንዱን ስድስት በሁለት ጭብጨባ፣ ቀጣዩን ስድስት በሦስት ጭብጨባ። *አንድ*-ሁለት-ሦስት-*አራት*-አምስት-ስድስት፤ *አንድ*-ሁለት-*ሦስት*-አራት-*አምስት*-ስድስት። ሳትደናቀፉ አሥር ጊዜ መደጋገም እስክትችሉ እዚሁ ቆዩ። ልጅ አጠገባችሁ ካለ ጥሩት፤ ልጆች ከእኛ ቀድመው ይይዙታል።

4. የመጀመሪያው ክፍል፦ እጅን ለጊታሩ መስጠት

አሁን ክፈቱት። ጊታሩ ብቻውን የሚመታው ያን አሁን የተለማመዳችሁትን ዓይነት ምት ነው። በመጀመሪያው ዙር አታጨብጭቡ፣ ስሙት ብቻ። ድምፁ ክርን አንድ በአንድ ከመንጠር የመጣ አይደለም፤ ክሮቹ ሁሉ በአንድነት እየተመቱ ነው። ይህን አመታት ስፔኖች ራስጌአዶ ይሉታል። ክራር ሲመታ ያየ ሰው ይቀርበዋል፤ ግን በድሕር ሳይሆን በጥፍር ነው፤ ጣቶቹ ከመዳፍ ውስጥ ተጣጥፈው ቆይተው አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይፈናጠራሉ።

በሁለተኛው ዙር ከመግቢያው መልሱና እጃችሁን ጨምሩ። ሲሰፋ ሁለት፣ ሲጠብ ሦስት። ስትስቱ አቁሙና እንደገና ከመጀመሪያው፤ መሃል ላይ ለመግባት አትታገሉ። ቫዮሊኖቹ ጊታሩ የመታውን ያንኑ ምት ተቀብለው ሲያስተጋቡ ነገሩ ይቀላል፤ እነሱ በቀስት ስለሚጫወቱ ምቱ ጎልቶ ይወጣል።

ትንሽ ቆይቶ ቼሎ ብቻውን ዜማ ይዞ ይነሳል፤ ኮስተር ያለ፣ የሆነ ነገር ያሳሰበው ዓይነት። ጀማሪ ሰሚ እዚህ ላይ እጁን ይሰበስባል፤ «ቁም ነገር መጣ» ብሎ። አትሰብስቡ። ሮድሪጎ ስለዚህ ክፍል ሲናገር ሁለቱም ዜማዎች የምቱን ግስጋሴ አያቋርጡትም ብሏል፤ እውነቱን ነው። ቼሎው እያዘነ ሳለ እንኳ ስድስቱ ከሥር ይሄዳል። እጃችሁን ዝም ብላችሁ ብታስቀጥሉ ዜማው ከላይ ሲንሳፈፍ ታገኙታላችሁ። ለእኔ ከመላው ኮንሰርቶ ደስ የሚለኝ ቅጽበት ይህ ነው፤ ከአዳጂዮውም ይበልጥብኛል። ይህን ስል የሚቆጡኝ ወዳጆች አሉኝ።

መጨረሻው ላይ ተጠንቀቁ። ኦርኬስትራ ሲያልቅ «ዳም! ዳም!» ማለት አለበት ብለን ስለምናስብ እጃችን ለትልቅ መዝጊያ ይዘጋጃል። የለም። ጊታሩ ወደ መግቢያው አመታት ይመለሳል፤ እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄድና በጣት ጫፍ እንደተዘጋ በር ያልቃል።

5. ኳሱ ማን ጋ እንዳለ መከታተል

ያንኑ ክፍል አንዴ ድገሙት። አሁን አታጨብጭቡ፤ ጊታሩ ሲጫወት ቀኝ እጃችሁን፣ ኦርኬስትራው ሲጫወት ግራችሁን አንሱ። ሰው ካየ ይሳቅ።

ሁለቱም እጅ አንድ ላይ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት እንደሆነ ታያላችሁ፤ ሲነሳም በግራ በኩል ያሉት አንድ ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፤ አንዲት ፍሉት፣ አንድ ባሱን፣ ወይም በቀስት ሳይሆን በጣት የሚነጠሩ ቫዮሊኖች። ምክንያቱ ጉልበት ነው። ጊታር ከኦርኬስትራ ጋር ትከሻ ለትከሻ ቢገፋፋ አይሰማም። የሮድሪጎ መፍትሔ ጊታሩ እንዲጮኽ ማድረግ አልነበረም፤ ሌሎቹ ተራ እንዲጠብቁ ማድረግ ነው። ኦርኬስትራውም ትንሽ ነው፤ ሁለት ሁለት ፍሉት፣ ኦቦ፣ ክላርኔት፣ ባሱን፣ ሆርንና ትራምፔት፣ ከባለ ክሮቹ ጋር። ከበሮ የለም፣ ትሮምቦን የለም። ይህን ሁሉ ምት የሚያወጣ ሥራ አንድም ከበሮ እንደሌለው ሳውቅ ማመን ነበር ያቃተኝ። ከበሮው ጊታሩ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላው ሰው ደግሞ ጊታር ተጫዋች አልነበረም፤ ፒያኒስት ነበር። በ1901 ቫሌንሲያ አጠገብ ባለችው ሳጉንቶ ተወልዶ በሦስት ዓመቱ በዲፍቴሪያ ሳቢያ የዓይኑን ብርሃን አጣ። ሙዚቃውን የሚጽፈው በብሬል ነበር፤ ከዚያ ሌላ ሰው ወደ ተራ ኖታ ይገለብጥለታል። ኮንሰርቶውን በ1939 ፓሪስ ላይ ጽፎ በዚያው ዓመት መስከረም የብሬሉን ወረቀት በሻንጣ ይዞ ከባለቤቱ ከቪክቶሪያ ካምሂ ጋር ወደ ስፔን ተመለሰ። የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ገና ማብቃቱ ነው፤ የዓለሙ ደግሞ ገና መጀመሩ። በዚህ መሃል የተጻፈ ሙዚቃ እንዲህ መጫወቱ ይገርመኛል። ኅዳር (ኖቬምበር) 9 ቀን 1940 ባርሴሎና ውስጥ ጊታረኛው ሬሂኖ ሳይንስ ዴ ላ ማሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው፤ መታሰቢያነቱም ለእሱ ነው።

6. ሁለተኛው ክፍል፦ እጅን ማሳረፍ

እዚህ የምትሠሩት የለም። ጊታሩ ቀስ እያለ ኮርዶቹን ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ ኮር አንግሌ የሚባለው፣ ከኦቦ ወፈር ያለ ድምፅ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ዜማውን ያዜማል። ጊታሩ ያንኑ ዜማ ተቀብሎ በጌጥ እየከበበ ይመልሰዋል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተራው አሁንም እንደተጠበቀ ነው። የጃዙ ማይልስ ዴቪስ በ1960 በወጣው አልበሙ በትራምፔት የተጫወተው ይህንኑ ነው። ቪክቶሪያ በኋላ በጻፈችው ማስታወሻ ዜማውን ከጫጉላቸው ትዝታና ከመጀመሪያ እርግዝናቸው መጨናገፍ ሐዘን ጋር አያይዛዋለች።

አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አድምጡትና ሲያልቅ ቅጂውን አታቁሙ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚዘጋው።

7. ሦስተኛው ክፍል፦ እግር ማውጣት

ይኼ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ሲከፍቱት ግን የቀለለ ይመስላል። ጊታሩ ብቻውን የልጆች መዝሙር የምትመስል፣ ቀጥ ያለች ዜማ ይዞ ብቅ ይላል። ሮድሪጎ እንዳለው የቤተ መንግሥት ጭፈራ ነው። ሥራው ስሙን ያገኘው ከማድሪድ በስተደቡብ፣ በታሆ ወንዝ ዳር ካለው የአራንሁዌስ ቤተ መንግሥትና አትክልት ነው። በአሳቡ የነበረው ዘመንም የ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና የ19ኛው መጀመሪያ፣ የአራተኛው ካርሎስና የሰባተኛው ፈርናንዶ ስፔን ነው። ሱሪው የጠበቀ፣ ጫማው ዘለበት ያለው ባለሟል ሲጨፍር አስቡ። አሁን ያ ባለሟል በጭፈራው መሃል ሦስተኛ እግር ቢያበቅል ኖሮ የሚያደርገውን አስቡ።

እዚህ ስድስት መቁጠር አይሠራም፤ ተዉት። ምቱ በሁለት እና በሦስት ነው፤ ባለ ሁለት ምት ቤት፣ ባለ ሁለት ምት ቤት ሲል ይቆይና ባለ ሦስት ምት ቤት ጣልቃ ያስገባል። እንደ መጀመሪያው ክፍል ያው መጠን በሌላ አከፋፈል የሚመጣ አይደለም፤ አንድ ሙሉ ምት ተርፎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ቆማችሁ፣ ጫማ አውልቃችሁ፣ በእግር ሥሩት። ቀኝ-ግራ፣ ቀኝ-ግራ እያላችሁ በቦታችሁ ርገጡ። ዜማው እግራችሁን «ቀድመኸኛል» ሲለው፣ ያች ትርፍ ምት የገባችው እዚያ ነው፤ ቀኝ-ግራ-ቀኝ አድርጓትና ቀጣዩን በግራ ጀምሩ። ከዚያ በኋላ እግራችሁ ተገላብጦ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ሦስት እስኪመጣ።

መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ለመያዝ አትሞክሩ። ጊታሩ ብቻውን የሚጫወተውን መግቢያ ብቻ ውሰዱና አምስት ስድስት ጊዜ መላልሱት። የት የት ላይ እንደምትደናቀፉ እግራችሁ በራሱ ይሸመድደዋል። ከዚያ ኦርኬስትራው ዜማውን ሲቀበል ዝለቁ። እዚያ ላይ ሌላ ተንኮል አለ፤ ጊታሩ ዜማውን በቢ ሜጀር ጀምሮት ኦርኬስትራው የሚቀበለው በዲ ሜጀር ነው። ቃና ለማያውቅ ሰው እንኳ ክፍሉ ውስጥ ድንገት መስኮት እንደተከፈተ ይሰማል። በር አንኳኩቶ የተሳሳተ ቤት የገባ እንግዳ ይመስለኛል ጊታሩ፤ ባለቤቶቹ ሳቅ እያሉ ትክክለኛውን ያሳዩታል።

እግራችሁ ሲለምድ ጆሮአችሁን ወደ ድምፆቹ መልሱ። የሚጋጩ፣ የተሳሳተ ክር የተነካ የሚያስመስሉ ጎረቤት ድምፆች አልፎ አልፎ ትሰማላችሁ። ተጫዋቹ አልተሳሳተም። ሮድሪጎ ሆን ብሎ ነው፤ ጣፋጭ ዜማ ላይ ትንሽ ሚጥሚጣ መነስነስ ልማዱ ነው። እነዚህን እየቆጠረ የሚስቅ ሰው አውቃለሁ።

ይህም ክፍል ጮኾ አያልቅም። ለጭብጨባ ቸኩላችሁ እጅ ካነሳችሁ ትያዛላችሁ። በኮንሰርት አዳራሽ ከሰማችሁት ደግሞ በክፍሎቹ መካከል አይጨበጨብም፤ ሦስቱም እስኪያልቁ ጠብቁ፤ ሲጠራጠሩ መሪው እጁን ዝቅ ማድረጉን ማየት ነው።

ቤት ጊታር ላለው

የዲ ሜጀርን ኮርድ ያዙ። ቀኝ እጃችሁን ጨብጡና ከትንሿ ጣት ጀምራችሁ እስከ ጠቋሚዋ አንድ በአንድ በክሮቹ ላይ ልቀቋቸው። ሲጀመር አራቱም ጣት ዘጭ ብሎ አንድ ላይ ይወጣል፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ ነው። ጣት ከጣት እስኪለይ በጭናችሁ ላይ ተለማመዱት፤ ክር ላይ ብዙ ከተደጋገመ ጥፍር ይጎዳል። ከዚያ በደረጃ 3 ያጨበጨባችሁትን ምቱ፤ አንዱን ስድስት በሁለት፣ ቀጣዩን በሦስት። የኮንሰርቶው ኖታ ይህ አይደለም፤ ምቱን ወደ ክንድ ማስገቢያ ነው። በዝግታና በለሆሳስ ሥሩት። ጮክ አድርጎ መምታት ማንም ይችላል፤ ይህን ምት እያንሾካሾኩ ሳይፈጥኑ ማቆየት ነው ባለሙያዎቹን እንኳ የሚያስጨንቀው።

እጃችሁ ይህን ከለመደ የሚቀጥለውን ሥራ አትፈልጉ፣ ያው ሮድሪጎ ዘንድ አለ። በ1954 ለጊታረኛው ለአንድሬስ ሴጎቪያ የጻፈው «ፋንታሲያ ፓራ ኡን ሄንቲልኦምብሬ» የተሠራው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጊታረኛ በጋስፓር ሳንስ ዜማዎች ላይ ነው። በቀጥታ ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ወደ «ካናሪዮ» ሂዱ። ስድስት ቁጠሩ፤ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። እዚያ ላይ ማንም ሳያስተምራችሁ በመጀመሪያው ዙር ትይዙታላችሁ።